ስለ ጧሪና ስለ ተጧሪ

በአገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። ይህ ምርቃት ከልጅነታችን ጀምሮ በጆሯችን ስላለፈ እንሰማዋለን እንጂ አንመረምረውም። በግዕዝ «ጾረ» ማለት «ተሸከመ» ማለት ነው፤ የእኛም «ጦረ» ከዚሁ የወጣ ቃል ነው። እንግዲህ ጧሪ ማለት ተሸካሚ፣ ተጧሪ ማለትም በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያለ ሰው ማለት ይሆናል። ዛሬ ጡረታ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ደመወዝተኛ ሥራውን ሲተው በየወሩ የሚቀበለውን ብር ነው። ነገር ግን ቃሉ ከብሩ በፊት በየገበሬው ቤት ሲነገር የኖረ ነው።

ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ በየለቅሶ ቤቱና በየማኅበሩ «የዛሬ ልጅ ወላጁን አይጦርም፤ የጥንቱ ግን ይጦር ነበር» ሲባል ዘወትር መስማቴ ነው። እኔ የተወለድሁት ከጉና ተራራ ግርጌ፣ ከደብረ ታቦር ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚያስኬድ የፋርጣ አገር ነው። ብዙ ዘመን በአስተማሪነት ኖሬ ዛሬ እኔው ራሴ ጡረተኛ ነኝ። በዕድሜዬም ሦስት ዓይነት ጡረታ አይቻለሁ፤ የአያቴን፣ የእናቴንና የራሴን። እነዚህን ሦስቱን ሳስተያይ ያገኘሁትን ነገር፣ በመካከሉም እኔ ራሴ የሠራሁትን ጥፋት ሳልደብቅ፣ ለአንባቢ አቀርባለሁ።

አያቴ በአካባቢያችን የታወቁ ርስተኛ ነበሩ። የርስትን ነገር ለማያውቅ ወጣት አንባቢ ባጭሩ ለማስረዳት፣ በበጌምድርም በጎጃምም ርስት ማለት አገሩን ካቀናው አባት፣ በአባትም ሆነ በእናት በኩል፣ የተወለደ ሁሉ ድርሻ ሊጠይቅበት የሚችል መሬት ነበር። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያ ሥርዓት ልጅ ሲያገባ ከአባቱ መሬት ተቀብሎ ጐጆ ይወጣል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው የሚኖሩበት ትልቅ ቤት የእኛ አገር ደንብ አልነበረም። ስለዚህ ባልና ሚስት ሲያረጁ የሚቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በእጃቸውም የሚቀረው ለልጆች ያላካፈሉት ቍራጭ መሬት ነው። የሽማግሌ ኃይሉ በዚያች ቍራጭ መሬት ላይ ነበረ።

በ1958 ዓ.ም.፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አያቴ ዓይናቸው ደከመ፤ ሞፈር መጨበጥም ተሳናቸው። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ሦስቱም ደጎች ነበሩ። አያቴ ግን አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ሽማግሌዎችን ሰብስበው፣ የእኅታቸውን የልጅ ልጅ አስጠሩና በሰው ፊት እንዲህ አሉት፦ «እስክሞት ትጦረኛለህ፤ ስሞት ትቀብረኛለህ፤ ተዝካሬንም ታወጣለህ። ከዚያ በኋላ ከወንዙ ማዶ ያለው መሬት ያንተ ነው።» ዋስ ተጠራ፤ እማኞች ተቈጠሩ። በዓመት ስንት ቁና ገብስ፣ ስንት ቁና ባቄላ እንደሚሰፈር፣ በየዓመቱ አንድ ጋቢ እንደሚገዛ፣ በፋሲካና በገና ቅቤ እንደማይጐድል፣ መኝታቸውም ከእሳቱ አጠገብ ባለው መደብ ላይ እንደሚሆን አንድ በአንድ ተነገረ።

አጎቶቼ ቅር አላቸው። «እኛ እያለን ለምን ሌላ ሰው?» አሉ። አያቴ የመለሱትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ «ልጆቼ፣ አልከፋችሁብኝም። ነገር ግን ሦስት ሆናችሁ ስትጠብቁኝ እያንዳንዳችሁ ሌላው አድርጎታል ትላላችሁ፤ እኔም በመካከል እራባለሁ። እናንተ ወራሾቼ ናችሁ፤ ይህ ግን ጧሪዬ ነው።» ያ ሰው ቃሉን ጠበቀ። አያቴ በ1965 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ኖሩ፤ ተዝካራቸውም ወጣ፤ መሬቱም ለጧሪው ሆነ።

እኔ በልጅነቴ ይህ ነገር አሳፍሮኝ ነበር። የሥጋ ዘመድ ከሥጋ ዘመዱ ጋር እንደ ነጋዴ ቁና ሲቈጥር እንዴት ያምራል ብዬ አስብ ነበር። ካደግሁ በኋላ ግን በአውሮፓም፣ በጀርመንና በኦስትሪያ በፊንላንድም ጭምር፣ ያረጀ ገበሬ እርሻውን ለገዛ ልጁ ሲያስረክብ በጽሑፍ ውል ይዋዋል እንደ ነበረ አነበብሁ። ስንት እህል፣ ስንት ወተት፣ ስንት ሸክም ማገዶ እንደሚሰጠው፣ በየትኛው ክፍል እንደሚያድር ሁሉ በውሉ ይጻፍ ነበር። እነዚያም ገበሬዎች እንደ እኛ ልጆቻቸውን ይወዱ ነበር፤ ሆኖም ፍቅር ብቻውን ዳቦ እንደማይጋግር ያውቃሉ። ከዐሥሩ ትእዛዛት መካከል አባትና እናትን ስለ ማክበር የተሰጠው፣ የዕድሜና የምድር ተስፋ ተያይዞበት መሰጠቱም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። አባቶቻችን ሲዳኙበት የኖሩት ፍትሐ ነገሥትም ወላጁን የበደለ ልጅ ከውርስ ሊነቀል እንደሚችል ያስተምራል። እንግዲህ የጥንቱ ሰው ምክርና ዛቻ ያስፈለገው ልጅ ሁሉ ጧሪ ሆኖ ስለማይወለድ ነው።

ነገር ግን የጥንቱን ሥርዓት አመስግኜ ብቻ ባልፍ እውነቱን ግማሽ አድርጌ መናገሬ ነው። የዚያ ዘመን ጡረታ የመሬት ጡረታ ነበረ፤ ታዲያ መሬት የሌለው ሽማግሌስ? ልጅ ያልወለደች፣ ባሏ የሞተባት፣ ድርሻዋንም ጉልበተኛ ዘመድ የወሰደባት ሴት ማን ይጦራት ነበር?

የከተማችን የደብረ ታቦር ታሪክ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። ከተማዋን የቈረቈሩት ራስ ጉግሣ ሲሆኑ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ አድርገዋት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው ለመሳደብ ሲፈልጉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው ነበር። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከውርስ ተገፍተው ኮሶ ሸጠው ልጃቸውን አሳደጉ ይባላልና ነው። ስድቡን ስንመረምረው በልጁ ላይ የተሰደበ ሳይሆን ርስትና ረዳት በሌላት በአንዲት መበለት ላይ የተሰደበ ነው። ንጉሥ የወለደች እናት እንዲህ ከተባለች፣ ገበሬ የወለደችው ምን ትባል ነበር?

ለእንዲህ ያሉት መጠጊያቸው ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በልጅነቴ በደብረ ታቦር ኢየሱስም ሆነ በየገጠሩ ደብር ዙሪያ ቆብ የጫኑ አሮጊቶች በትናንሽ ጐጆ ተቀምጠው አይ ነበር። ብዙዎቹ የመነኰሱት ባላቸው ከሞተ፣ ልጆቻቸውም ጐጆ ከወጡ በኋላ ነው። ምናኔያቸው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን መነኲሲት ስትሆን ከተዝካሩና ከበዓሉ ማዕድ ድርሻ ይደርሳት ነበርና ቆቡ የነፍስ ብቻ ሳይሆን የሥጋም ጡረታ ነበረ። ይህም ያልተቻለው ከደጀ ሰላም ተቀምጦ «ስለ እግዚአብሔር» ይላል። «የጥንቱ ልጅ ይጦር ነበር» የሚለኝን ሰው ሁልጊዜ የምጠይቀው፣ በደጀ ሰላም የተቀመጡት የማን አባትና የማን እናት ነበሩ ብዬ ነው።

ከዚህ በኋላ የ1967 ዓ.ም. አዋጅ መጣ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ መሬትን መሸጥን፣ መለወጥንና ማስያዝን ከለከለ። ሟች ሲሞት መሬቱን የመጠቀም መብት ለሚስቱ ወይም ለባሏ፣ ለልጆችም ሆነ እንጂ፣ አያቴ እንዳደረጉት ለፈለጉት ጧሪ አስረክቦ መሞት ቀረ። አዋጁ ያረጁትን ፈጽሞ አልረሳም። ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ሲከለክል በዕድሜ ወይም በሕመም የደከመውን ሰው ቤተ ሰብና ሌላ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ለይቶ ፈቅዷል። የገበሬ ማኅበሮችም በእርጅና፣ በሕመም ወይም በባል ሞት ምክንያት ማረስ ያልቻሉትን ሰዎች መሬት እንዲያርሱላቸው በተግባራቸው ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነበረ። ድሮ ጧሪ ለማግኘት ርስት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ግን ጐረቤት ሁሉ ጧሪ እንዲሆን ታዘዘ።

አባቴ የሞቱት በ1968 ዓ.ም. ስለሆነ የዚህን ትእዛዝ አፈጻጸም በዓይኔ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የማኅበሩ ሰዎች እየዘፈኑ መጥተው የእናቴን ማሳ በአንድ ቀን አረሱት፤ እናቴም ጠላ ጠምቃ ዳቦ ጋግራ አበላቻቸው። በሁለተኛው ዓመት ዘግይተው መጡ። በሦስተኛው ዓመት ሁሉም የየራሱን አርሶ እስኪጨርስ ዝናሙ አለፈ፤ የተዘራውም ገብስ ሳይጐመራ ውርጭ መታው። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ነገር ግን አያቴ የፈሩት ነገር ደረሰ፤ ብዙ ሰው የሚጠብቀውን ሽማግሌ ማንም አይጠብቀውምና። እናቴም መሬቷን በእኩል ለሌላ ሰው እያሳረሰች በግማሽ እህል መኖር ጀመረች።

በ1977 ዓ.ም. ረኃብ መጣ። እብናት ላይ በተቋቋመው የእርዳታ ጣቢያ በአሥር ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። በዚያው ዘመን መንግሥት ብዙ ሕዝብ ከደጋው እያነሣ በሌላ አገር ያሰፍር ስለ ነበር ታናሽ ወንድሜ ወደ መተከል ሄደ። እኅቴ ሩቅ አገር አግብታ ነበር። እኔ ደግሞ አስተማሪ ሆኜ አዲስ አበባ ገባሁ። ሦስት ልጆች የወለደች እናት በጉና ግርጌ ብቻዋን ቀረች። ከሦስታችን «እናቴን ልተዋት» ብሎ የሄደ አልነበረም፤ አንዱን ረኃብ፣ አንዷን ጋብቻ፣ አንዱን ደመወዝ ወሰደን። ዛሬም ወጣቱ ወደ መተማ ሰሊጥ አጨዳ፣ ወደ ዐረብ አገርና ወደ ከተማ ሲሄድ ነገሩ ይኸው ነው።

እናቴ በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ እናትና አባት የሞቱበትን የጐረቤት ልጅ አስጠጋች። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረ። ውሃ ይቀዳላት፣ እንጨት ይለቅምላት ጀመር፤ ጥቂት ቈይቶም ሞፈር ጨበጠ። «እማማ» ይላት ነበር፤ እርሷም «ልጄ» ትለው ነበር። እኔ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ብር እልካለሁ። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እመጣለሁ፤ ስኳርና ነጠላ አመጣለሁ፤ ሦስት ቀን ተቀምጬ እመለሳለሁ። ራሴንም እንደ መልካም ልጅ እቈጥር ነበር። ጐረቤቱም እንዲሁ ይለኝ ነበር።

ሕጉንም ቢሆን የፈጸምሁ ይመስለኝ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ይህም ግዴታ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግም ሆነ በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል ባወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ጸንቶ ቀርቷል። ቀለብ ማለትም ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያ፣ ልብስና ሕክምናም ይገባበታል። ነገር ግን ልጇን ከስሳ ቀለብ ያስቈረጠች እናት በሕይወቴ አላጋጠመችኝም። እናት ገመናዋን ከምታወጣ ብትራብ ትመርጣለችና፣ ሕጉ በመጽሐፍ ላይ ሲቀመጥ እርሷ በመደቧ ላይ ትቀመጣለች።

እናቴ በ2001 ዓ.ም. ሞተች። ለቀብሩ ደረስሁ። ከቀብሩ በኋላ፣ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ይዞታን በኑዛዜ ማስተላለፍ ስለፈቀደ፣ መሬቷን በሙሉ ለዚያ ልጅ ተናዝዛለት እንደ ነበረ ሰማሁ። ተቈጣሁ። «የአባቴ መሬት እንዴት ለባዕድ ይሆናል?» አልሁ። መሬቱን ልረሰው አልነበረም፤ ወንድሜና እኅቴም አልጠየቁኝም። ያም ሆኖ ደብረ ታቦር ወርጄ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ገባሁ፤ ሟች በእርጅና ምክንያት አእምሮዋ የደከመ ነበርና ኑዛዜው አይጸናም የሚል አቤቱታ አስጻፍሁ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ልብ በለው። መሬቷን ለመውሰድ ብዬ እናቴን እብድ አልኋት።

ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ከማስገባቴ በፊት የክርስትና አባቴን ልሰናበት ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ሰው ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና፦

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «በመጨረሻው ዓመት እናትህ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ይህን ታውቃለህ?»

«አዎን አባቴ፣ በስልክ ነግረውኛል» አልኋቸው።

«ወደ ሐኪም ቤት በቃሬዛ ወስዶ ያመጣት ይህ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ነው። ሌሊት ወደ ውጭ የሚያወጣትም እርሱ ነበር፤ በጀርባው አዝሎ። አንተ ስንት ቀን ተሸከምሃት?»

መልስ አጣሁ። ቀጥለውም ከደጅ ወደ ሚግጠው ቀይ በሬ አመለከቱኝና፦ «አንተ የላክኸው ብር ያ ነው» አሉኝ። እናቴ የላክሁላትን ገንዘብ ለራሷ አልበላችውም፤ አጠራቅማ ልጁ የሚያርስበትን በሬ ገዛችበት። እኔ ያልገባኝን እርሷ አውቃው ኖሯል። ከሩቅ የሚመጣ ብር ብቻውን ውሃ አይቀዳም፤ እሳት አያነድም፤ በሽተኛ አያገላብጥም። ብር ጡረታ የሚሆነው በቅርብ ካለ ሰው እጅ ሲገባ ነው። እናቴ አባቷ ከወይራው ሥር በዋስና በእማኝ ያደረጉትን፣ እርሷ በኑዛዜ አደረገችው። ወረቀቱን እዚያው እሳት ውስጥ ጨመርሁት። ልጁንም ጠርቼ ይቅርታ ለመንሁት። እርሱ ግን ምን እንደ በደልሁት አላወቀም ነበርና ዝም ብሎ እጄን ሳመኝ፤ ይህም ከቍጣ ይልቅ ከበደኝ።

የእኔን ጡረታ ደግሞ ልንገር። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. በ46ኛው ድንጋጌ ወጣ። የጡረታ ዕድሜም ቀድሞ 55 ዓመት የነበረው ኋላ 60 ሆኗል። በዓለም ላይ በመንግሥት ሕግ የእርጅና መድን የተጀመረው በጀርመን በቢስማርክ ዘመን በ1889 እ.ኤ.አ. ነው፤ እርሱም ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ሠራተኞች ነበር። እንግሊዝም በ1908 እ.ኤ.አ. ተከተለች። በእኛ አገር የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። እኔ ከደመወዜ ሲቈረጥ የኖረውን ዛሬ በየወሩ እቀበላለሁ፤ ብሩ ከገበያው ጋር እኩል ባይሮጥም ማንንም ሳልለምን አድራለሁ። ስሞት ደግሞ እድሬ ድንኳን ተክሎ ይቀብረኛል። እንግዲህ ከተማው «ጧሪ ቀባሪ» የሚለውን ቃል ለሁለት ከፈለው፤ መጦሩን መንግሥት፣ መቅበሩን እድር ወሰደ።

ነገር ግን ገበሬ ደመወዝ የለውምና ከዚህ ጡረታ ውጭ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ የደቡብ ጎንደር ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጥ ነበር፤ ከዚህም ከመቶ 90 ያህሉ በገጠር የሚኖር ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም እንደ ላይ ጋይንት ባሉ እህል በሚያንሳቸው ወረዳዎች ጉልበት ያለውን ሰው መንገድና እርከን እያሠራ ሲከፍል፣ መሥራት ለማይችሉና ሌላ ረዳት ለሌላቸው ሽማግሌዎችና በሽተኞች ግን ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ እንዲሰጥ ሆኗል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም የተቸገሩትን እየመረጠ የሚሰጥ ነው እንጂ እንደ እኔ ጡረታ ሽማግሌው መብቴ ብሎ የሚጠብቀው አይደለም። ልጅ ያለው፣ ልጁ ግን የትም የጠፋ ሽማግሌ፣ ረዳት አለው ይባል ወይስ የለውም? እናቴ ሦስት ልጆች ነበሯት።

በዚሁ በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ ሌላ ዓይነት መልስ የሰጡ ሰዎች አሉ። የእስቴው ተወላጅ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው የአውራ አምባን ማኅበረ ሰብ መሠረቱ። በደርግ ዘመን መጨረሻ ከቀያቸው ተሰድደው ወደ ደቡብ ሄደው ነበር፤ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ተመለሱ። መሬታቸው ጥቂት ስለሆነ በሽመና ይተዳደራሉ። የአረጋውያን መጦሪያ ቤት አላቸው፤ በሳምንትም አንድ ቀን የሚሠሩት ሥራ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ለአሳዳጊ አልባ ልጆች የሚውል ነው። እነዚህን ሰዎች የጠቀስሁት ሁሉም እንደ እነርሱ ይኑር ለማለት አይደለም። ነገር ግን ርኅራኄያችን ይበቃል ብለው አልተቀመጡም፤ ቀን ቈረጡለት፤ ቤት ሠሩለት፤ ኃላፊ ሾሙለት። የ1967ቱ አዋጅ «ሁላችሁም እረሱለት» አለ እንጂ በየሰፈሩ ቀኑንና ሰውን ለይቶ አላሰረም። የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአዲስ አበባም በ2002 ዓ.ም. ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የተባለው መርጃ ማዕከል ከመንገድ እያነሣ የሚያኖራቸው ሽማግሌዎች፣ አንድ ጊዜ የአንድ ሰው አባትና እናት የነበሩ ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? የጥንቱ ልጅ ከዛሬው የተሻለ ልብ ነበረው የሚለውን አላምንም። የጥንቱ ሽማግሌ ከዛሬው የሚሻለው በእጁ የሚይዘው ነገር ስለ ነበረው፣ ይህንንም ይዞ በሰው ፊት ቃል ስለሚያስገባ ነው። በእጁ ምንም ያልነበረው በጥንቱም ዘመን በደጀ ሰላም ነበር። ስለዚህ ለሽማግሌዎች የምመክረው፣ ጉልበታችሁ ሳይደክም ጧሪያችሁን በስሙ ጥሩ፤ እማኝ አስቀምጡ፤ ይህ ልጅን ማዋረድ አይደለም። በሩቅ ላለነው ልጆች ደግሞ የምለው፣ የምንልከውን ብር ስንቈጥር የማን እጅ ውሃውን እንደሚቀዳ እንጠይቅ፤ ያንን ሰው እንወቅ፤ እናመስግን፤ ድርሻውንም አንከልክለው። አገርን ለሚያስተዳድሩትም ቢሆን፣ ዕድሜውን ሁሉ አርሶ ከተማውን ያበላ ገበሬ ሲያረጅ በየወሩ መብቱ አድርጎ የሚቀበለው ጥቂት ነገር በእጁ እንዲኖር ማሰብ የአገር ዕዳ ይመስለኛል።

እኔ አሁን በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ጉና ግርጌ እሄዳለሁ። ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ በእናቴ መሬት ላይ ድንችና ገብስ ያበቅላል። ባለፈው ዓመት ስሄድ ልጁ ከመኪናው መውረጃ ድረስ መጥቶ ሻንጣዬን ተቀበለኝ፤ ዳገቱ ላይ ሲደክመኝም ክንዴን ያዘኝ። «ተወኝ፣ እችላለሁ» ልለው አሰብሁ፤ ነገር ግን ዝም ብዬ ተደገፍሁት።